ከደጀን በቀንድ የመጣው ቅቤ

በቤታችን የጥሎሽን ሥርዓት ያጸኑት አያቴ ባላምባራስ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። በእርሳቸው ዘመን ከአማች ቤት የመጣ ዕቃ በሰው ፊት ተዘርግፎ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ በእጅ ተዳስሶ ካልታየ በስተቀር «ተቀብለናል» የሚል ቃል ከቤታችን አይወጣም ነበር። ቃሉ ካልወጣ ደግሞ ሠርግ የለም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ኪዳን የቅቤውን ነገር ደነገጉ። በአንድ ወቅት የተበላሸ ቅቤ መጥቶ የአንዲት ሙሽራ ራስ በመቍሰሉ፣ ከዚያ ወዲህ ለሙሽራ የመጣ ቅቤ አስቀድሞ በቤቱ አባወራ ራስ ላይ ይደረግ፤ የተቀባውም ሰው ካህኑ ምርቃቱን እስኪፈጽም ድረስ እጁን ወደ ራሱ አያንሣ፣ አንገቱንም አያጕብጥ ብለው አዘዙ። አባቴ አቶ አምደሚካኤል በበኩላቸው፣ ስሙን የተጠየቀ የቤታችን ሰው የአባቶቹን ስም እስከ ሰባት ቤት ሳይቈጥር እንዳያቋርጥ አስተማሩን። ሰባት ቤት የማይቈጥር ሰው እርሳቸው ዘንድ መንገድ ላይ ወድቆ እንደ ተገኘ ዕቃ ነበር የሚታየው።

እኔ ገዳሙ አምደሚካኤል እነዚህን ሥርዓቶች እንደ ተቀበልኋቸው ጠብቄአለሁ። በደብረ ማርቆስ በዳኝነት ወንበር በተቀመጥሁበት ዘመንም ሆነ በጡረታዬ አንዱን እንኳ አላጐደልሁም። የልጅ ልጄ ሕሊና በተዳረችበት ዓመት ግን ሁሉም በአንድነት በራሴ ላይ ወረዱ።

ሕሊና ወላጆቿ በልጅነቷ ስላረፉ እኔ ዘንድ ያደገች፣ በከተማችን ባዮሎጂ የምታስተምር ልጅ ናት። ከሠርጓ ሁለት ዓመት ያህል አስቀድሞ ቦራ የተባለችው ላማችን ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ሆዷ ሲከፈት እንደ ገመድ የተገመደ ፌስታል ወጣ፤ በፌስታሉም መካከል ትንንሽ የሻምፖ ከረጢቶች፣ አንዳንዶቹ ጽሕፈታቸው እንኳ ሳይጠፋ፣ ተጣብቀው ነበር። ልጅቱ ከረጢቶቹን አጥባ በጸሐይ አሰጣቻቸው።

«ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አልኋት።

«ምንም፣ አባባ። አውቃቸዋለሁ። የእኔ ናቸው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በፕላስቲክ የመጣ ነገር ገላዋን አልነካም። የጥርስ ብሩሿን ትታ የወይራ መፋቂያ ያዘች፤ ማበጠሪያዋን ትታ በእንጨት ሚዶ አበጠረች፤ በወረቀት በተጠቀለለ ሳሙና ታጠበች፤ ቅቤዋን በቀንድ፣ የእንዶድ ዱቄቷን በቅል አኖረች። ታላቅ እህቴ የብርጓል፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት፣ ይህን አይታ ዝም አላለችም።

«እኛ ከዚህ ለመውጣት ዕድሜያችንን ፈጀን፤ አንቺ ተምረሽ ተምረሽ ተመልሰሽ ገባሽበት? ደመወዝሽን ማን እየበላው ነው?» አለቻት።

እኔ ስለ ላሟ አዝኛለሁ። ሆኖም ልጅቱን የደገፍኋት ስለ ላሟ አልነበረም። አያቶቼ በታጠቡበት ዕቃ ለመታጠብ ምክንያት ማቅረብ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። ስለዚህ ውበቱ እንዳላማው የተባለ፣ የደጀን ተወላጅ የሆነ የመንገድ ሥራ ባለሙያ ሽማግሌ ልኮ በጠየቃት ጊዜ፣ ሕሊና «በጥሎሹ ውስጥ ፕላስቲክ ባይኖር ደስ ይለኛል» አለች፤ እኔም ቃሏን ለሰሚ በሚገባ መልክ አስተካክዬ፣ «አንድ ፕላስቲክ ከደጃችን ቢያልፍ ጥሎሹ በሙሉ ይመለሳል» ብዬ ላክሁ። ውበቱ ያለ አንዳች ክርክር ተስማማ።

ያልተስማማው ወንድሙ ምስጋናው ነው። ምስጋናው በደጀን፣ አውቶቡሶች በሚቆሙበት አውራ መንገድ ዳር፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በቅባትና በሽቶ የተሞላ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ አለው። መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ የዚህ ሱቅ ባለቤት ለወንድሙ ሚስት መፋቂያና ቅል ተሸክሞ በሰው ፊት ሊቆም ነው። ጥሎሹን የማዘጋጀትና የማምጣት ኃላፊነት የተጣለው ደግሞ በእርሱ ላይ ነበር።

የጥሎሹ ቀን የሠርጉ ዋዜማ ነበር። ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ብቻ ስለ ቀሩት፣ ሠርጉ በማግሥቱ ካልሆነ እስከ ፋሲካ መቆየቱ ነው። ከቤቴ ፊት ለፊት ዳስ ተጥሎ ጎረቤትና ዘመድ ተሰበሰበ። ሕሊና በሥርዓቱ መሠረት ቃሉ እስኪወጣ ከጓዳ፣ ከመጋረጃ ኋላ ተቀመጠች። እኔ ከአጥሩ በር ላይ ቆሜ የሚገባውን ሁሉ አየሁ። የወንድ ወገን መሪ የሆኑት የውበቱ አጎት አቶ አለበል የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ አድርገው መጥተው ነበርና በባዶ እግራቸው እንዲገቡ ሆነ። እስክሪብቶዎችም ከውጭ ቀሩ።

የነፍስ አባታችን ቄስ ፍቅረ ሥላሴ ጠበሉን በቢጫ ጀሪካን አስይዘው ሲመጡም አስቆምኋቸው።

«ጠበሉ እኮ ያው ጠበል ነው፣ ገዳሙ» አሉኝ።

«ጠበሉ ያው ነው፣ አባቴ። ዕቃው ግን ያው አይደለም።»

ተመለከቱኝ። እኔም አልተበገርሁም። ጠበሉ በእንስራ ተገልብጦ ገባ፤ ጀሪካኑ ከአጥሩ ውጭ ከአቶ አለበል ጫማ አጠገብ ተቀመጠ።

ከዚያም ጥሎሹ ተዘረገፈ። ምስጋናው ዕቃውን እያነሣ ያቀብላል፤ አቶ አለበል ስሙን ይጠራሉ፤ እኔ እመረምራለሁ። የቀሚሱ አዝራር ከቀንድ መሠራቱን በጥርሴ ነክሼ አረጋገጥሁ።

«ሚዶ፣ ከዋንዛ የተጠረበ» አሉ አቶ አለበል።

«መልካም።»

«መፋቂያ፣ አንድ እስር፤ የወይራ።»

የብርጓል ከሴቶቹ መካከል ሆና፣ «አለበል፣ ወርቁን ወዴት አደረጋችሁት? ወይስ ጫካው ውስጥ ስትለቅሙ ጠፋባችሁ?» አለች።

«ወርቁም አለ፣ እትዬ፤ በተራው ይወጣል። እኛማ ሱቅ ሙሉ ዕቃ ነበረን፤ ያዘዘችው ልጃችሁ ናት» አሉ አቶ አለበል። ሰው ሳቀ። ምስጋናው አልሳቀም።

ወርቁም ቀሚሱም አለፈ። በመጨረሻ በቆዳ ክዳን የተከደነ ረጅም ቀንድ ቀረበ።

«ቅቤ፣ ለሙሽራዪቱ ራስ፤ በሙሽራው እናት እጅ የተነጠረ።»

እኔም በወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥሁ፣ ሻሼን ፈታሁ፣ አቶ አለበልም ከቀንዱ በእፍኛቸው ዝቀው በራሴ ላይ አደረጉ። ቢጫ፣ ወፍራምና ቀዝቃዛ ነበር፤ ሙዝ ሙዝ ይሸታል። የደጀን ላሞች ምን እንደሚግጡ ስለማላውቅ ስለ ጠረኑ አስተያየት አልሰጠሁም። ቅቤ ግን ከራስ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ነገር ነው፤ ይህኛው ከኋላ ወደ አንገቴ ፈጥኖ ሸሸ። እህቴ እልል አለች። ቄስ ፍቅረ ሥላሴም ተነሥተው ጸሎታቸውን ጀመሩ፤ በልማዳቸውም መሠረት ጠበሉን እየጠለቁ ረጩኝ።

በመጀመሪያ በራሴ ላይ ትንሽ የመፍላት ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ አንድ ለስላሳ ነገር ከግንባሬ በላይ ሲያብጥ ተሰማኝ። እጄን አላነሣሁም፤ ምርቃቱ ገና አልተፈጸመምና። አረፋው በጆሮዎቼ ላይ ወርዶ ጢሜን አገኘ። በኋላ የነገሩኝ እንዳጋነኑት ባይሆንም፣ መጠኑ የአንድ ትልቅ ጥምጥም ያህል እንደ ነበር ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።

ቄስ ፍቅረ ሥላሴ በጠበል ቦታ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሰው ናቸው። ጠበል የነካው ሰው አረፋ ሲያወጣ ሁለት ጊዜ አያስቡም። ጸሎታቸውን ከምርቃት ወደ ሌላ ጸሎት አዛወሩ፤ ጠበሉንም በመርጨት ፈንታ ማፍሰስ ጀመሩ። በፈሰሰ መጠን አረፋው በዛ፤ በበዛም መጠን አፈሰሱ። ከዚያ አረፋው ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«ተቃጠልሁ» አልሁ። በእርግጥም ዓይኔ ተቃጥሎ ነበር።

ከዳሱ ውስጥ አንድ ረጅም የመደነቅ ድምፅ ተሰማ። በጠበል ቦታ ርኩስ መንፈስ ሲያዝ አስቀድሞ የሚለው ይህንኑ ቃል መሆኑን እኔም አላጣሁትም፤ ነገር ግን የወጣ ቃል አይመለስም።

«ማን ነህ?» አሉ ቄሱ በታላቅ ድምፅ። «ስምህን ተናገር።»

ስሙን የተጠየቀ የቤታችን ሰው ምን እንደሚያደርግ ተናግሬአለሁ። ዓይኔን እንደ ጨፈንሁ፣ «ገዳሙ» ብዬ ጀመርሁ፤ «የአምደሚካኤል ልጅ፣ የባላምባራስ ወልደ ሩፋኤል ልጅ» እያልሁ እስከ ሰባተኛው ድረስ ወጣሁ። አፌን በከፈትሁ ቍጥር አረፋ ቢገባበትም አንድ ስም አልዘለልሁም።

«ወይኔ፣ አባቶቹንም ሁሉ ይዟቸው ኖሯል» አለች የብርጓል። «ይህስ ዛሬ የገባ አይደለም፤ ከርስቱ ጋር የመጣ ነው።»

«ገዳሙን ከመቼ ጀምሮ ያዝኸው?» ሲሉ ቄሱ ጠየቁ።

«ገዳሙ እኔ ነኝ።»

«ሁሉም እንዲህ ይላሉ።»

«ሁሉም ያሉት ለእኔ ማስረጃ አይሆንም፣ አባቴ። በእኔ ላይ የቀረበ ምስክር ካለ ይቅረብ፤ ከሌለ ምርቃቱ ከቆመበት ይቀጥል።»

«እንዲህ ያለ የተማረ ጋኔን አይቼ አላውቅም» አለች እህቴ።

ከመጋረጃው ኋላ የሕሊና ድምፅ መጣ። «አባባ፣ ምን ሆኑ? የሚያቃጥልዎት ምንድን ነው?»

«ተቀመጪ አንቺ፤ ሙሽራ አይወጣም» አሉ ሴቶቹ።

«የገባብዎት ነገር ካለ በእጅዎ ይጥረጉት እንጂ።»

«ምርቃቱ አልተፈጸመም» አልኋት። ደንቡን የምታውቅ ልጅ ናት።

በዚህ ጊዜ አቶ አለበል ጕሮሯቸውን ጠረጉ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ነገሩን በለሰለሰ መንገድ ሊያቀርቡት መጣራቸውን አልክድም።

«አባታችን፣ እኛ የምንጠብቀው አንድ ቃል ነበር። አሁን እኒህ ሰው ተቀብለናል ቢሉን፣ የተቀበለን ማነው? ክቡር ዳኛው ናቸው ወይስ ሌላው?»

ቄሱ አሰቡ። «እስኪለቃቸው ድረስ ቃላቸው ቃል አይደለም። ጠበል ቦታ ወስደን ልናሰነብታቸው ይገባል።»

«ጾሙ መግባቱ ነው።»

«ከፋሲካ በኋላ ይሆናላ።»

«ከፋሲካ በኋላ እንግዲህ እናያለን» አሉ አቶ አለበል። በሕይወቴ ብዙ ፍርድ ሰጥቻለሁ፤ «እናያለን» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ ዓይን አያስፈልገኝም። ከመጋረጃው ኋላ አንድ ሰው አፉን በነጠላው አፍኖ ሲያለቅስ ሰማሁ። የወንድ ወገን ሰዎች ተነሡ። ቅሉ ከሚዶው ጋር ሲጋጭ፣ ዕቃው ወደ መጣበት ጆንያ ሲመለስ ይሰማኛል።

«ምስጋናው፣ ምን ትገተራለህ? ቀንዱን አንሣ» አሉ አቶ አለበል።

«አጎቴ፣ ቆይ።»

«ምን ልቆይ?»

«ጋኔን የለባቸውም። ሻምፖ ነው።»

ቄስ ፍቅረ ሥላሴ ጠበሉን ማፍሰሳቸውን አቆሙ።

«ምን ነው?» አሉ።

«የፀጕር ሻምፖ። የሙዝ። ከቀንዱ ትንሽ ወስዳችሁ ውኃ አድርጉበት።»

የብርጓል ማንንም ሳትጠብቅ ከቀንዱ በጣቷ ዝቃ በመዳፏ ላይ በጠበሉ አሸችው። ድምፅ አልሰማሁም፤ በኋላ ግን አረፋው እስከ ክርኗ እንደ ደረሰ፣ እርሷም ሽታውን ወድዳ እጇን ቶሎ እንዳልታጠበች ተነግሮኛል።

እኔም ባለሁበት ሆኜ ምርመራውን ጀመርሁ።

«እናታችሁ ያነጠረችው ቅቤ የት ደረሰ?»

«ሱቅ ውስጥ፣ በድስት አለ፣ አባባ።»

«ለምን ለወጥኸው?»

«ሱቁን አገር ያውቀዋል። ለወንድሙ ሙሽራ አንድ ጠርሙስ ሻምፖ ነፈገ እንዲሉኝ አልፈለግሁም። ደግሞ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ከሁሉ የሚሻለውን ነው የመረጥሁት። እርሷም አንድ ጊዜ ብትታጠብበት ትወደው ነበር።»

«አንድ ፕላስቲክ ከደጃችን እንዳያልፍ ልኬላችሁ አልነበረምን?»

«አላለፈም እኮ» አለ ምስጋናው፤ ድምፁም ትንሽ ጠነከረ። «ጠርሙሶቹን በሙሉ አውጥቻለሁ። ከቅሉ ውስጥ ያለው ደግሞ የገላ ሳሙና ዱቄት ነው እንጂ እንዶድ አይደለም፤ እርሱንም ከላስቲኩ አውጥቼ ነው የገለበጥሁት። እርስዎ ያሉት ፕላስቲክ እንዳይገባ ነው። አልገባም። ቅድም ጠበሉንስ ከጀሪካን ወደ እንስራ አስገልብጠው አላስገቡም? እኔም ያደረግሁት ያንኑ ነው። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?»

ክርክሩ ደካማ እንዳልነበረ መናገር ይገባኛል። በወንበሬ ዘመን ከዚህ ባነሰ የሕግ ነጥብ የተለቀቁ ሰዎች አሉ። ሰውም እርስ በርሱ ይንሾካሾክ ጀመር፤ ቄስ ፍቅረ ሥላሴም «እንግዲህ፣ ገዳሙ» ብለው በመጠኑ ሳል አሉ።

«ጠርሙሶቹስ?» አለች ሕሊና።

መጋረጃው ተከፍቶ ነበር። ሙሽራ ቃሉ ሳይወጣ ከጓዳ ስትወጣ በቤታችን የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ አያቴ ቢኖሩ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ማንም አልከለከላትም።

«የትኞቹ ጠርሙሶች?» አለ ምስጋናው።

«ባዶዎቹ። የት አደረግሃቸው?»

«መንገድ ላይ… እዚህ ታች ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣ በመኪናው መስኮት።»

«ወንዙ ውስጥ?»

«ዳር ዳሩን።»

«የኛ ከብቶች የሚጠጡት ከዚያ ነው» አለች።

ምስጋናው የላሟን ታሪክ ከወንድሙ ሰምቶ ኖሯል።

ፍርዴን ሰጠሁ። ቄሱ ምርቃቱን ከቆመበት እንዲፈጽሙ፣ የውበቱ ወገኖች ተመልሰው እንዲቀመጡ፤ «ተቀብለናል» የሚለው ቃል ግን ምስጋናው ጠርሙሶቹን ይዞ እስኪመለስና ጥፋቱን በአፉ እስኪናገር ድረስ እንዲቆይ። ጥፋቱ ምን እንደ ሆነ አልነገርሁትም፤ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኘው ተውሁት። አቶ አለበል ጫማቸውን አበደሩት፤ ኮንጎ ለወንዝ ይመቻልና።

ምርቃቱ በሥርዓቱ ተፈጸመ። አሜን ከተባለ በኋላ እጄን አንሥቼ ራሴን ጠረግሁ። ዓይኔ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። እህቴ ፎጣ እያቀበለችኝ፣ «ፀጕርህ ግን ለስልሶልሃል» አለችኝ። ፎጣውን ተቀብዬ ጢሜን አደረቅሁ።

ከሰዓት በኋላው ረጅም ነበር። አቶ አለበል በባዶ እግራቸው ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ሕሊና መጋረጃውን እንደ ተከፈተ ትታ በጓዳው ደፍ ላይ ተቀመጠች። ውበቱ ከደጀን ስልክ ደውሎ «ተቀበሉን?» ብሎ ጠየቀ፤ አቶ አለበልም «ወንድምህ ወንዝ ወርዷል፤ እርሱ ሲወጣ ይነገርሃል» ብለው ዘጉበት።

ጸሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ምስጋናው መጣ። ሱሪው እስከ ጭኑ ረጥቧል፤ የሸሚዙ እጅጌ በእሾህ ተቀዷል። በሁለት እጁ ያቀፈው ጠርሙስ ከጣለው በላይ ነበር፤ የራሱን ከሌላው መለየት ስላልቻለ ያገኘውን ሁሉ ለቅሟል። የዘይት ጀሪካን ክዳን፣ የአንድ ሕፃን ጫማ፣ ከደለል ጋር የተጣበቁ ትንንሽ የሻምፖ ከረጢቶችም ነበሩበት። አጥሩ በር ላይ ደርሶ ቆመ። ፕላስቲክ ይዞ መግባት እንደማይቻል ያውቃል፤ መሬት ላይ ሊያስቀምጠውም አልፈለገም፤ ስለዚህ እንዳቀፈው ከውጭ ቀረ።

ሰው ሁሉ ወደ አጥሩ ተጠጋ። እኔም ወንበሬን ወደ በሩ አስወስጄ ተቀመጥሁ። በጥቂት ክንድ ርቀት ፊት ለፊት ሆንን።

«ስምህን ተናገር» አልሁት።

«ምስጋናው» አለ። እንደማላቋርጠው ሲያይ ቀጠለ። «የእንዳላማው ልጅ። የ…» አያቱን ጠራ፤ ከዚያ በላይ አልሄደለትም። አቶ አለበል ከኋላዬ ሆነው ቀስ ብለው አንድ ስም አቀበሉት፤ እርሱም ደገመው።

«ይበቃል» አልሁ። በእኔ ቤት ደንብ አይበቃም፤ እርሱ ግን የእኔ ቤት ሰው ገና አልነበረም። «ቀጥል።»

ምስጋናው ሕሊናን አየ። ከዚያ በእቅፉ ካለው ሁሉ ላይ አንዲቱን ከረጢት፣ ጽሕፈቷ ያልጠፋውን፣ በአውራ ጣቱ ገልብጦ ተመለከታት።

«ይህችን እኔ ነኝ የምሸጣት» አለ። «ሱቄ ውስጥ እንደ ዶቃ ተያይዛ ተንጠልጥላ ነው ያለችው። ጠርሙሱን ከመኪናው ስጥል ያለቀ መስሎኝ ነበር። ደጃችሁ ካልገባ የትም ያልገባ መስሎኝ ነበር።» የእጁ ጠርሙሶች ሊወድቁ ሲሉ በአገጩ ደገፋቸው። «ተሳስቻለሁ፣ አባባ።»